ኡኡታ በባሕር ላይ፦ የመርከብ ራዲዮ ኦፕሬተር ሊኖረው ስለሚገባ ወረቀትና ሙያ

(በደብረ ብርሃን ለኤሌክትሪካልና ኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ገለጻ ጽሑፍ)

ክቡራን ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤

በመንዝም ሆነ በጅሩ፣ ሰው ክፉ ነገር ሲገጥመው አፋፍ ላይ ወጥቶ ኡኡ ይላል። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ነገር ግን የጀማ ሸለቆ ድምፅን ያስተጋባል፤ ጠሪው የት እንዳለ ካልተናገረ የወዲያ ማዶው ሰው ወደ ወንዙ፣ የወዲህ ማዶው ወደ ሜዳው ይሮጣል። ይህን የሚያውቅ ሽማግሌ ኡኡ ብሎ ብቻ አይቆምም። “እገሌ ነኝ፣ ከእገሌ መሻገሪያ በላይ ነኝ፣ ሰው ውኃ ወስዶታል፣ ገመድ ይዛችሁ ድረሱ” ብሎ ቃሉን እየለየ ይጮኻል። የመርከብ ራዲዮ ኦፕሬተር ዓመት ሙሉ የሚዘጋጀው ለዚህችው ጥሪ ነው፦ ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ምን እንደገጠመው፣ ምን እንደሚፈልግ ሳይዛነፍ ለማድረስ። መሣሪያው፣ ባትሪው፣ ምስክር ወረቀቱ፣ መዝገቡ ሁሉ የሚያገለግለው ያቺን ጥሪ ነው።

ባሕር የሌለው አገር ልጅ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ወላጆች ትኖራላችሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረበት ዘመን የነጋዴው መንገድ በአፋር በረሃ አልፎ ታጁራ ባሕር ላይ ይወርድ ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1964 ከተቋቋመ ጀምሮም የአገራችን ሰንደቅ ዓላማ በባሕር ላይ አልጠፋም። የኢትዮጵያ መርከቦች ባለ 9 አኃዝ መለያ ቁጥር፣ ባሕረኞች ኤምኤምኤስአይ የሚሉት፣ በ624 ይጀምራል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም አካዳሚም የምህንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ በዓለም መርከቦች ላይ ለሚሠራ መኮንንነት ሲያሠለጥን ቆይቷል። ኤሌክትሪካል የተማረ የሰሜን ሸዋ ልጅ መርከብ ላይ የኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንን ቢሆን፣ ከሚረከባቸው መሣሪያዎች መካከል እነዚህ ራዲዮዎች ይገኛሉ።

ወረቀቱን እናስቀድም፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የመርከቡ ነው፦ መርከቡ ራሱ እንደ ራዲዮ ጣቢያ ተቆጥሮ፣ የጥሪ ስምና መለያ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ሰንደቅ ዓላማውን ከሚያውለበልብለት አገር የጣቢያ ፈቃድ ያወጣል። ሁለተኛው የሰውየው ነው። መርከቡ ፈቃድ ስላለው ማይክሮፎኑን ማንም ያንሳው ማለት አይደለም፤ ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ሊናገር የሚችለው ባለ ወረቀቱ አጠገቡ ሆኖ ሲቆጣጠረው ብቻ ነው።

የሰውየው ምስክር ወረቀት ደግሞ በደረጃ ይለያያል። ጄኔራል ኦፕሬተር የሚባለው በየትኛውም ባሕር ላይ በሚሄድ መርከብ ያሠራል። ሬስትሪክትድ የሚባለው የሚያሠራው ለባሕር ዳርቻ ቅርብ በሆነው፣ የቪኤችኤፍ፣ ማለትም ሩቅ የማይሄደው ራዲዮ፣ ጣቢያ በሚደርስበት ክልል ብቻ ነው። ከእነዚህ በላይ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ራዲዮ ኤሌክትሮኒክ ምስክር ወረቀቶች አሉ፤ ባለቤታቸው መሣሪያውን ባሕር ላይ ፈቶ መጠገን ይችላል። ለእናንተ፣ ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች፣ ዓይናችሁን መጣል የሚገባችሁ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሩቅ ባሕር የሚሄድ መርከብ ከሦስት የጥገና ዘዴዎች፣ ማለትም ተደራቢ መሣሪያ ከመያዝ፣ በወደብ ባለሙያ ከማስጠገንና ባሕር ላይ የሚጠግን ሰው ከመያዝ፣ ቢያንስ ሁለቱን ማሟላት አለበት። ሦስተኛውን የሚያሟላው እንዲህ ያለ ወረቀት ያለው ሰው ነው።

የባሕረኞችን ሥልጠና የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1978 ወጥቶ በ1995 እና በ2010 ተሻሽሏል። በእሱ መሠረት የራዲዮ ኦፕሬተር ዕድሜው ከ18 ዓመት ማነስ የለበትም፤ የጸደቀ ሥልጠና ወስዶ ፈተና ማለፍ፣ በሕክምናም ዓይኑ፣ ጆሮውና አንደበቱ ብቁ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ወረቀቱ በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። ለማደስ ከሚጠየቁት አንዱ በነዚያ 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 12 ወር በሥራው ላይ ባሕር መዋል ነው፤ ያን ያላሟላ ደግሞ ተፈትኖ ወይም ሠልጥኖ ያድሳል። የሕክምና ወረቀቱ ከ2 ዓመት አያልፍም።

ዛሬ በጭነት መርከብ ላይ ራዲዮ ብቻ ይዞ የሚቀመጥ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ተረኛ መኮንኖቹ ራሳቸው ጄኔራል ኦፕሬተር ናቸው፤ ከመካከላቸውም አንዱ በአደጋ ጊዜ የራዲዮው ዋና ኃላፊ ተብሎ አስቀድሞ በስም ይመደባል። የመንገደኛ መርከብ ከሆነ አደጋ ሲደርስ ከራዲዮ በቀር ሌላ ሥራ የማይነካ ቢያንስ አንድ ብቁ ሰው መመደብ ግዴታ ነው። ይህ ጥንቃቄ በነፍስ የተገዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ካሊፎርኒያን የተባለች መርከብ በአቅራቢያዋ ነበረች፤ ብቸኛው የራዲዮ ሠራተኛዋ ግን የቀኑን ሥራ ጨርሶ ተኝቶ ነበርና ጥሪውን የሰማ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የወጣው ሕግ ሁሉ ጆሮ ሳይሰማ እንዳያድር ለማድረግ የተደከመበት ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የባሕር አደጋና ደኅንነት ራዲዮ ሥርዓት፣ ጂኤምዲኤስኤስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ገብቶ በ1999 ሙሉ በሙሉ ተተገበረ፤ በነጥብና በሰረዝ የሚላከው ሞርስ ግዴታ መሆኑም ያኔ ቀረ።

ሥርዓቱ ባሕሩን በአራት ክልል ይከፍለዋል። ኤ1 ከባሕር ዳርቻ የቪኤችኤፍ ጣቢያ የሚደርስበት ነው። ኤ2 የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ የሚደርስበት፣ ኤ3 መርከቡ የያዘው የሳተላይት አገልግሎት የሚሸፍነው፣ ኤ4 ከነዚህ ሁሉ ውጭ የቀረው ነው። መርከቡ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚይዝ የሚወስነው የሚሄድበት ክልል እንጂ ግዝፈቱ ብቻ አይደለም።

ቪኤችኤፍ ለምን ሩቅ እንደማይሄድ እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መኪና ላይ ያለ ኤፍኤም ራዲዮ ተራራው ሲጋርደው ይቆራረጣል። ባሕር ላይ ተራራ ባይኖርም የምድር ክብነት አለ፤ ሞገዱን የሚጋርደው እሱ ነው። ሒሳቡ አጭር ነው፦ የሁለቱን አንቴናዎች ከፍታ በሜትር ይዛችሁ የየአንዳንዱን ስኩዌር ሩት አውጡ፣ ደምሩ፣ በ2.25 አባዙ፤ የሚመጣው በኖቲካል ማይል ነው። የመርከቡ አንቴና 16 ሜትር፣ የዳርቻው ጣቢያ 100 ሜትር ከሆነ፣ 4 እና 10 ተደምሮ 14፣ በ2.25 ሲባዛ 31.5 ኖቲካል ማይል፣ 58 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። ሁለት መርከቦች አንቴናቸው 16፣ 16 ሜትር ከሆነ 18 ማይል ነው። በማዳኛ ጀልባ ላይ ተቀምጦ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ የእጅ ራዲዮ የያዘ ሰው ግን ያንኑ መርከብ የሚያገኘው ከ11 ማይል ገደማ ነው። ኃይል መጨመር እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም፤ የመርከብ ቪኤችኤፍ ትልቁ ኃይሉ 25 ዋት፣ ትንሹ 1 ዋት ነው፤ ሁለቱም የሚቆሙት ከአድማሱ ብዙም ሳያልፉ ነው። ጀልባ ላይ ያለ ሰው ተነሥቶ ራዲዮውን ከፍ ቢያደርግ ከባትሪው ይልቅ ክንዱ ይረዳዋል።

ከዚያ የራቀ ሰው ወደ አጭር ሞገድ ይሄዳል። አጭር ሞገድ ከላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር ተንፀባርቆ ስለሚመለስ ሺህ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ግን በቀንና በሌሊት ጠባዩ ይለወጣል። ፀሐይ ስትወጣ ወደ ላይኛው ፍሪኩዌንሲ፣ 12 እና 16 ሜጋኸርዝ፣ መውጣት፤ ሲመሽ ወደ 4 እና 6 መውረድ ነው። 8 ሜጋኸርዝ መካከለኛ በመሆኑ የአደጋ ጥሪ መጠበቂያው 8414.5 ኪሎኸርዝ አይዘጋም፤ የመካከለኛ ሞገዱ 2187.5 ኪሎኸርዝም እንዲሁ። በዲጂታል ጥሪው፣ ማለትም መሣሪያው ያለ ድምፅ በሚልከው ጥሪ፣ 8414.5 ላይ የተጣራ ሰው በድምፅ የሚነጋገረው 8291 ላይ ነው። ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ቁጥሮቹን ሸምድዶ ጥንዳቸውን ስለሚያምታታ ነው። ስትይዟቸው ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ያዙ፦ 2187.5 ከ2182፣ 4207.5 ከ4125፣ 6312 ከ6215፣ 12577 ከ12290፣ 16804.5 ከ16420።

ወደ ዋናው እንግባ፤ ጥሪው ራሱ እንዴት ይደረጋል?

ቪኤችኤፉ ላይ ቀይ ቁልፍ አለ፤ ክዳን አለው። ክዳኑ ሳይነሣ አይነካም፤ ተጭኖም ቢያንስ 3 ሴኮንድ ካልተያዘ አይልክም። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ጊዜ ካለ አስቀድሞ ከዝርዝሩ የአደጋውን ዓይነት፣ ማለትም እሳት፣ ውኃ መግባት፣ ግጭት፣ መገልበጥና የመሳሰለውን፣ መምረጥ ይቻላል። ከዚያ መሣሪያው በቻናል 70፣ በ156.525 ሜጋኸርዝ፣ የመርከቡን ቁጥር፣ ቦታውንና ሰዓቱን በዲጂታል ይልካል። መልስ እስኪያገኝም በ4 ደቂቃ ግድም ልዩነት ይደጋግመዋል። ቻናል 70 ላይ ድምፅ የለም፤ እዚያ የሚናገር ሰው የሌላውን የአደጋ ጥሪ ያፍናል። ድምፁ የሚደረገው በቻናል 16፣ በ156.8 ሜጋኸርዝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ስህተት አለ። መሣሪያው የሚልከው ቦታ ከጂፒኤስ ይመጣል። ገመዱ ከላላ ወይም ጂፒኤሱ ከጠፋ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የቆየ ቦታ ነው። ለዚህ ሲባል ጂፒኤስ ያልተገናኘ መሣሪያ ላይ ቦታውና ሰዓቱ ቢያንስ በየ4 ሰዓቱ በእጅ እንዲገባ ሕጉ ያዛል። በ12 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 12 ኖቲካል ማይል፣ የምትሄድ መርከብ በ4 ሰዓት 48 ማይል ትሄዳለች፤ በ8 ሰዓት 96። ያ ሁሉ ሰው የሚፈለግበት ውኃ ነው። ተረኛ ሲረከብ መጀመሪያ የሚያየው ከቦታው አጠገብ የተጻፈውን ሰዓት መሆን አለበት።

አሁን ድምፁን እንይ። “ጀማ” የምትባል የልምምድ መርከብ አለችን እንበል፤ ከጅቡቲ ወጥታ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ የሞተር ክፍሏ ተቃጠለ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ በባሕር ላይ የሚሠራበት ንግግር ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባጸደቃቸው ቋሚ ሐረጎች ነው። ኦፕሬተሩ እንዲህ ይላል፦

“ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ። ዚስ ኢዝ ጀማ፣ ጀማ፣ ጀማ።” የጥሪ ስሙንና ዘጠኙን አኃዝ ያስከትላል። እንደገና “ሜይዴይ፣ ጀማ” ብሎ ወደ ቦታው ይሄዳል፦ “ማይ ፖዚሽን ኢዝ፣ ዋን ቱ ዲግሪስ ዋን ፋይቭ ሚኒትስ ኖርዝ፣ ዚሮ ፎር ስሪ ዲግሪስ ፋይቭ ዚሮ ሚኒትስ ኢስት።” ቀጥሎ የገጠመው፦ “ፋየር ኢን ኢንጂን ሩም።” ቀጥሎ የሚፈልገው፦ “አይ ሪኳየር ፋየር ፋይቲንግ አሲስታንስ።” ቀጥሎ የሰው ብዛት፦ “ቱ ስሪ ፐርሰንስ ኦን ቦርድ።” መጨረሻ ላይ “ኦቨር” ይልና አውራ ጣቱን ከማይክሮፎኑ ያነሣል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ቦታው ከእሳቱ ይቀድማል። ራዲዮው በመሃል ቢቋረጥ፣ የት እንዳለ የታወቀ ሰው ምን እንደሆነ ባይታወቅም ይደረስለታል። ምን እንደሆነ ታውቆ የት እንዳለ ያልታወቀ ግን ለፈላጊው ባዶ ባሕር ነው። ልምምድ ላይ ተማሪዎች በድንጋጤ እሳቱን አስቀድመው ቦታውን የሚረሱት ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉ ባዶ ቦታ ተትቶለት ከራዲዮው አጠገብ ይለጠፋል፣ ከዚያ እየተነበበ ይጠራል። በቃል መያዝ ጥሩ ነው፤ ማንበብ ይሻላል።

አኃዝ አንድ በአንድ ይነበባል። 23ን “ትዌንቲ ስሪ” ማለት አይፈቀድም፤ 15ና 50፣ “ፊፍቲን”ና “ፊፍቲ”፣ በጫጫታ ውስጥ አንድ ዓይነት ስለሚሰሙ ነው። ኬንትሮስ ምንጊዜም ባለ ሦስት አኃዝ ነው፤ 43 አይባልም፣ 043 ነው። የደቂቃ አስርዮሽንና ሴኮንድን ማምታታትም ያጋጥማል፦ 15.5 ደቂቃ ማለት 15 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ነው እንጂ 15 ከ5፣ ወይም 15 ከ50 አይደለም። የላቲትዩድ አንዲት ደቂቃ አንድ ኖቲካል ማይል፣ 1,852 ሜትር መሆኗን አትርሱ።

የእኛ አፍ ለይቶ መሠልጠን ያለበት ነገር አለ። አማርኛ ተናጋሪ በቃል መጀመሪያ ላይ ሁለት ተነባቢ ሲገጥመው “እ” ያስቀድማል፤ ስቴሽን “እስቴሽን”፣ ስታርቦርድ “እስታርቦርድ” ይሆናል። ብቻውን ችግር የለውም፤ ደካማ ሲግናል ላይ ግን የመጀመሪያዋ ፊደል ስለምትቆረጥ ቃሉ ይጠፋል። በራዲዮ ፊደል ሁሉ በቃል ይጠራል፤ V የምትጠራበት “ቪክተር” የሚለው ቃልም “ቢክተር” እንዳይሆን ከንፈርና ጥርስን ማላመድ ያስፈልጋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማይክሮፎኑን ተጭናችሁ አንድ ሴኮንድ ቆዩ፣ ከዚያ ተናገሩ፤ ከአፋችሁ አንድ እጅ ስፋት አርቁት፣ ወደ ጎን ዘንበል አድርጉት። መጮኽ አያስፈልግም። ኤፍኤም በመሆኑ ጩኸት ድምፁን አያጎላውም፣ ያበላሸዋል እንጂ።

ሰዓት ደግሞ ለእኛ የተለየ ጣጣ አለው። በራዲዮ መዝገብ የሚጻፈው ሁሉ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው፤ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር። እኛ ከቀኑ 8፡20 የምንለው ለፈረንጁ በአዲስ አበባ ሰዓት 14፡20፣ በዩቲሲ ደግሞ 11፡20 ነው። ስለዚህ በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 መደመር፣ በሌሊቱ ላይ 15 መደመር፣ 24 ከሞላም 24 መቀነስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፦ ማታ 2፡00 ሲሆን 17፡00 ዩቲሲ። ከሌሊቱ 8፡00 ሲሆን 23፡00 ይመጣል፤ ቀኑ ግን የፊተኛው ቀን ነው። ሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው በእንቅልፍ ልቡ የሚስተው ይህንን ነው፤ ቀኑ የተሳሳተ መዝገብ ደግሞ በምርመራ ጊዜ አይታመንም።

የሌላውን ጥሪ የሰማ ሰውስ? በቻናል 70 የአደጋ ጥሪ ሲጮኽ ድምፁን ማጥፋትና ወደ ሥራ መመለስ የተከለከለ ነው። ወደ 16 ተሂዶ ይደመጣል። የዳርቻ ጣቢያ መልስ እንዲሰጥ ትንሽ ይጠበቃል፤ ካልሰጠ መርከቡ በድምፅ “ሜይዴይ” ብሎ የተጨነቀውን መርከብ ስም ይጠራል፣ “ሪሲቭድ ሜይዴይ” ይላል፣ ወደ ዳርቻም ያስተላልፋል። መርከብ በዲጂታል ለመመለስ መቸኮል የለበትም፤ ዲጂታል መልስ የተጨነቀውን ሰው መሣሪያ መደጋገሙን እንዲያቆም ያደርገዋልና፣ የዳርቻው ጣቢያ ሳይሰማ ጥሪው ይዘጋል። ሜይዴይ ሰው ወይም መርከብ ላይ ከባድና ቅርብ አደጋ ሲኖር ብቻ ነው። ሞተር ቆሞ መርከቧ ብትንሳፈፍና የሚያሰጋ ነገር ገና ባይደርስ “ፓን ፓን” ነው። “ሴኩሪቴ” ደግሞ ጉም ላይ ጣርማ በር ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ለሚመጣው መኪና የሚያሰማው ጥሩንባ ነው፦ እኔ ደህና ነኝ፣ መንገዱ ግን ተጠንቀቁ።

ቁልፉ በስህተት ቢጫንስ? መሣሪያውን አጥፍቶ መደበቅ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሄሊኮፕተርና ጀልባ ከወደብ ይነሣል፣ እውነተኛው ተጨናቂ በዚያው ሰዓት ሊጠራ ይችላል። መሣሪያውን ዳግም በማስነሣት መደጋገሙን ማቆም፣ ቻናል 16 ላይ ለሁሉም ጣቢያ መጣራት፣ ስምና ቁጥር መናገር፣ “በዚህ ሰዓት ዩቲሲ የላክሁትን የአደጋ ጥሪ ሰርዙልኝ” ማለት፣ መዝገብ ላይ መጻፍ። ጥፋቱን ወዲያው ያስታወቀና የሰረዘ ባሕረኛ እንደ ደንቡ አይቀጣም፤ ይህን ለጀማሪ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል፤ የሚያስደብቀው ፍርሃት ነውና።

መርከቡ ድምፅ ሳያሰማ ቢሰጥም የሚጣራው ኢፐርብ ነው። ከላይ በክፍት ቦታ የተሰቀለ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ፣ ክንድ የማያህል ዕቃ ነው። ውኃ ውስጥ ከ1.5 እስከ 4 ሜትር ሲጠልቅ የውኃው ግፊት መልቀቂያውን ይቆርጠዋል፤ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ በ406 ሜጋኸርዝ ለሳተላይት መጣራት ይጀምራል፣ ቢያንስ ለ48 ሰዓት። በ121.5 ሜጋኸርዝ ደግሞ ለቀረበ አውሮፕላን መንገድ ይመራል። ላዩ ላይ የተጠቀለለች ቀጭን ገመድ አለች፤ ብዙ ጀማሪ እንዳይወድቅ ብሎ ከመርከቡ የጠርዝ አጥር ጋር ያስራታል። እንዲህ የታሰረ ኢፐርብ ከመርከቡ ጋር ባሕር ወለል ይወርዳል። ገመዷ ከማዳኛ ጀልባ ጋር የምትታሰረው ሰዎቹ ወደ ጀልባው ከገቡ በኋላ ነው። በወር አንድ ጊዜ የሚታየው ይህ ነው፦ ገመዷ ነፃ ናት ወይ፣ የመልቀቂያው የ2 ዓመት ጊዜ አላለፈም ወይ፣ የባትሪው ቀን አልደረሰም ወይ፣ አካሉ አልተሰነጠቀም ወይ። መርከቡ ባለቤት ቀይሮ ምዝገባው ካልተስተካከለ ነፍስ አድኖቹ ስልክ የሚደውሉት ለአሮጌው ባለቤት ይሆናል።

ሳርት የሚባለው ሌላው ዕቃ የቀረበ መርከብን ራዳር ያናግራል፤ ስክሪኑ ላይ 12 ነጥብ በመስመር ይደረድራል። ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ይሰቀል፤ ባትሪው በመጠባበቅ 96 ሰዓት፣ እየላከ 8 ሰዓት ይቆያል። የማዳኛ ጀልባው የእጅ ራዲዮ ደግሞ የታሸገ ባትሪ አለው፤ ለፈተና ብላችሁ እሽጉን አትክፈቱ፣ ለፈተናው የሚሞላው ባትሪ ለብቻው አለ፤ ፈተናውም ከቻናል 16 ውጭ ነው።

ባትሪ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የምንወደው ክፍል ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ራዲዮ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በባትሪ ስለሆነ ነው። የመርከቡ ዋና መብራት ሲጠፋ ራዲዮው በተጠባባቂ ባትሪ ይሠራል፦ መርከቡ ደንቡን የሚያሟላ ድንገተኛ ጄኔሬተር ካለው ለ1 ሰዓት፣ ከሌለው ለ6 ሰዓት። ስሌቱ የማስተላለፊያውን አምፔር ግማሽ፣ የመቀበያውን ሙሉ፣ የሌሎቹን ጭነት ሙሉ መደመር ነው። ለምሳሌ ሲልክ 30 አምፔር፣ ሲቀበል 2፣ ሌላው 3 ቢሆን፣ 15 ሲደመር 2 ሲደመር 3፣ 20 አምፔር ይሆናል፤ ለ6 ሰዓት 120 አምፔር ሰዓት። ባትሪ ሲያረጅ አቅሙ ይቀንሳልና 150 መያዝ ብልህነት ነው።

ቮልቱ በየቀኑ ይለካል፤ ግን ቮልት ብቻውን ያታልላል። ሁለት ባለ 12 ቮልት ተያይዘው 24 የሚሰጡ ባትሪዎች ሞልተው ሲያርፉ 25.4 ቮልት ገደማ ያሳያሉ። የደከመ ባትሪም ያንኑ ያሳያል። እውነቱ የሚወጣው ቻርጀሩ ጠፍቶ ራዲዮው ሲልክ ነው፤ መርፌው ትንሽ ወርዶ ከቆመ ደህና፣ እየወረደ ከቀጠለ ባትሪው ሞቷል። በየወሩ ደግሞ ክዳኑን ከፍቶ አሲዱን በመለኪያ መሳብ ነው፦ 1.27 አካባቢ ከሆነ ሞልቷል፣ ወደ 1.15 ከወረደ ባዶ ነው። ከስድስቱ ቀዳዳዎች አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ ያ ሴል ተበላሽቷል፤ ቻርጅ አያድነውም። ጫፎቹ ላይ የሚታየው ነጭ አረንጓዴ ዱቄት ይጠረጋል፣ ብሎኑ ይጠበቃል፣ ግሪስ ይቀባል። ሙሉ አቅሙ በዓመት አንድ ጊዜ ወደብ ላይ ይፈተናል። ይህን ሁሉ ደብረ ብርሃን ካለ የመኪና ባትሪ ቤት ቆማችሁ በአንድ ከሰዓት ልትማሩት ትችላላችሁ፤ አሲዱም መለኪያውም ያው ነው።

የዲጂታል ጥሪው መሣሪያ በየቀኑ ወደ አየር ሳይልክ ራሱን ይፈትናል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ዳርቻ ጣቢያ በሚደርስበት ሲሆኑ እውነተኛ የሙከራ ጥሪ ይደረጋል። ስኳልች የምትባለው ቁልፍም ትንሽ ናት፣ ጥፋቷ ግን ትልቅ ነው። ሹሹታው ያስቸገረው ሰው እስከ ጥግ ይዘጋታል፤ ደካማው ጥሪም አብሮ ይዘጋል። ሹሹታው እስኪሰማ ከፍታችሁ፣ ልክ ሲጠፋ አቁሙ። ማይክሮፎኑ መቀመጫው ላይ በደንብ ካልተሰቀለ ቁልፉ ተጭኖ ይቀርና ቻናል 16ን ለአካባቢው ሁሉ ይዘጋል፤ የሚናገረው ሰው ደግሞ ራሱ ምንም አይሰማም። ራዲዮው ድንገት ዝም ካለ መጀመሪያ የሚታየው የማይክሮፎኑ ቁልፍ ነው። ኦፕሬተር በራዲዮ የሰማውን የሌላ ሰው ጉዳይ ለማንም አያወራም፤ ይህም ለምስክር ወረቀቱ ከሚፈተንበት ዕውቀት አንዱ ነው።

አሁን እዚሁ ሆናችሁ ልትጀምሩ የምትችሉትን ልንገራችሁ። ማስተላለፊያ ራዲዮ ገዝቶ በባሕር ቻናል መለማመድ ክልክል ነው፤ በአገራችን የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ ያለ ፈቃድ መላክ አያዋጣም። መስማት ግን ትችላላችሁ። አጭር ሞገድ የሚይዝ ተራ ራዲዮ ይዛችሁ አንዱን ጣቢያ በ6፣ ሌላውን በ15 ሜጋኸርዝ አካባቢ ምረጡ፤ ለአንድ ሳምንት ቀትር ላይና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የትኛው እንደጎላ በዩቲሲ መዝግቡ። ከሳምንት በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ላይ፣ ሲመሽ ወደ ታች የተባለውን በእጃችሁ ጽሑፍ ታነቡታላችሁ። የአንቴና ገመድ ጫፍ መበየድን ላብራቶሪያችሁ ውስጥ ተማሩ፤ መሃሏ ያለችው መዳብ ከዙሪያው ሽቦ አንዲት ፀጉር እንኳ እንዳትነካ፣ ብየዳውም ብሩህ እንጂ ግራጫ እንዳይሆን፣ ውኃ እንዳይገባበትም በላስቲክ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ተደርቦ እንዲጠቀለል።

ለፊደሉ አጠራር ደግሞ ከአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ዳር የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። የሚያልፈውን መኪና ታርጋ አንብቡ፤ የላቲኑን ፊደል በቃል ጥሩ፣ AM ከሆነ “አልፋ ማይክ” በሉ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጥሩ፣ ጓደኛችሁ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ በወረቀት ይጻፍ። ሲኖትራክ በመካከላችሁ እያለፈ፣ ነፋሱም እየነፈሰ ከሃያ ታርጋ ሃያውን በትክክል ከጻፈ አፋችሁም ጆሮውም ለፈተና ደርሰዋል። አንዱን ከሳተ የትኛዋ ፊደል እንደጠፋች ተነጋገሩና፣ ሚናችሁን ተቀያይራችሁ ድገሙት።